ቲኬት ከመቁረጥ በፊት መንገድን ስለ መለካት



ልብስ ሰፊ መቀሱን ከማንሣቱ በፊት ጨርቁን ደጋግሞ ይለካዋል፤ አንድ ጊዜ የተቆረጠ ጨርቅ እንደ ነበረ አይመለስምና። «አሥር ጊዜ ለካ፥ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለው ምሳሌም የተነገረው ስለዚህ ነው። እኛም የአይሮፕላን ቲኬት መግዛትን «ቲኬት መቁረጥ» ስላልነው፥ ምሳሌው ሳናስበው ለመንገደኛም የሚያገለግል ምክር ሆኖልናል። የዛሬው ንግግራችን፥ ዓለምን በአይሮፕላን ዞሮ ወደ አገሩ ሊመለስ የሚያስብ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሊለካው ስለሚገባው ነገር ነው። በንግግሩ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ዓለምን መዞር በጥንት ዘመን ከሞት ጋር መጋፈጥ ነበር። በ1519 በማጄላን መሪነት ከስፔን የተነሡት መርከቦች አምስት ሲሆኑ፥ ዙሩን ፈጽማ በ1522 የተመለሰችው አንዲት መርከብ ብቻ ናት፤ በእርሷም ላይ የነበሩት ሰዎች 18 ነበሩ። ማጄላን ራሱ በፊሊፒን ደሴቶች ተገድሎ ቀርቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ በአይሮፕላን የዞሩት የአሜሪካ ጦር አብራሪዎችም በ1924 መንገዱን ለመጨረስ 175 ቀን ፈጅቶባቸዋል፤ ከተነሡትም አራት አይሮፕላኖች ዙሩን የፈጸሙት ሁለቱ ናቸው። በ1947 ግን ፓን አሜሪካን የተባለው ኩባንያ ዓለምን የሚዞር የመንገደኞች በረራ ጀመረ። ከሁለት ዓመትም በኋላ አንድ የአሜሪካ የጦር አይሮፕላን በአየር ላይ ነዳጅ እየተቀበለ ሳያርፍ በ94 ሰዓት ዓለምን ዞረ። እንግዲህ መንገዱ ከዓመታት ወደ ሰዓታት ካጠረ ቆይቷል። ዛሬ መንገደኛን በመንገድ የሚያስቀረው የባሕር ማዕበል ሳይሆን ወረቀት ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት አሉ እንበል። ወንድ ልጃቸው በዋሺንግተን፥ ሴት ልጃቸው በፍራንክፈርት ይኖራሉ፤ የወንድማቸው ልጅ በቶኪዮ ትምህርት ላይ ነው፤ አንድ የልጅነት ወዳጃቸው ደግሞ በሳን ፍራንሲስኮ አለ። ባልና ሚስቱ ለብዙ ዓመት ያጠራቀሙትን ገንዘብ አውጥተው፥ ጉልበታቸው ሳይከዳቸው ሁሉንም በአንድ ዙር አይተው ለመመለስ አምስት ወር መደቡ። እንዲህ ያለው ጉዞ ቢበላሽ ሁለተኛ የሚገኝ አይደለምና፥ ምክር የሚያስፈልገው ለእንደነዚህ ላሉት ነው።

የወላጅ ልብ ወደ ልጅ ስለሚቸኩል፥ እነዚህ ሰዎች አስቀድመው የሚያስቡት መንገድ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ነው። ይኸውም ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት፥ ከዚያ ወደ ዋሺንግተን፥ ቀጥሎ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ፥ ቶኪዮና ባንኮክ፥ በመጨረሻም ወደ አዲስ አበባ ይሆናል። በካርታ ላይ ሲታይ እንከን የለውም። ዳሩ ግን ካርታ የሚያሳየው ባሕርና የብስን እንጂ ቪዛን አይደለም። ለአንድ ጊዜ መግቢያ የሚሰጥ የጃፓን ቪዛ የሚያገለግለው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ለሦስት ወር ነው። ባልና ሚስቱ በፍራንክፈርት ስድስት ሳምንት፥ በአሜሪካ ሁለት ወር ተኩል ቆይተው ወደ ቶኪዮ ሊሻገሩ ሲሉ፥ ከአዲስ አበባ ይዘውት የወጡት ቪዛ ጊዜው አልፎበት ይገኛል። ቲኬቱ ቢኖርም አየር መንገዱ አያሳፍራቸውም፤ የወንድም ልጅም በቶኪዮ በከንቱ ይጠብቃል።

መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፤ ዙሩን መገልበጥ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባንኮክ፥ ከባንኮክ ወደ ቶኪዮ፥ ከዚያ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ፥ ወደ ዋሺንግተን፥ ወደ ፍራንክፈርት፥ በመጨረሻም ወደ አዲስ አበባ ይሁን። በዚህ አኳኋን የጃፓኑ ቪዛ ገና ትኩስ ሳለ ይሠራበታል። ጀርመንና ሌሎቹ የሸንገን አገሮች ደግሞ የቪዛ ማመልከቻ ከመግቢያው ቀን ስድስት ወር አስቀድመው ስለሚቀበሉ፥ በመጨረሻ የሚደረሰውን የፍራንክፈርት ቪዛ ከመነሣት በፊት ማውጣት ይቻላል። የአሜሪካውም ቪዛ እስከ ስንት ቀን እንደሚያገለግልና ስንት ጊዜ እንደሚያስገባ በላዩ ላይ ተጽፏልና፥ ያንን አይቶ ቀኑን መደልደል ይገባል። እነሆ ከተሞቹ ያው ናቸው፤ የዘመዶቹም ቁጥር አልጎደለም፤ ቅደም ተከተላቸው ብቻ ተለውጦ ጉዞው ዳነ። የመንገዱን ቅደም ተከተል የሚወስነው የልብ ናፍቆት ብቻ እንዳይሆን የምንለው ስለዚህ ነው።

የማይወርዱባት ከተማም ቪዛ ልትጠይቅ ትችላለች። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገሮች ከአንድ አይሮፕላን ወደ ሌላው ለመሻገር ብቻ እንኳ የመሸጋገሪያ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ እንደ አሜሪካ፥ ካናዳና ጃፓን ያሉ አገሮች የሰጡት ያልቃጠለ ቪዛ ያለው ሰው ከዚህ ግዴታ ነጻ ነው። አሜሪካም በምድሯ ለሚያልፍ መንገደኛ ቪዛ ትጠይቃለች። ስለዚህ ዋጋው የረከሰ ቲኬት ሲቀርብላችሁ፥ በየትኛው ከተማ አቋርጦ እንደሚያልፍ ሳታዩ አትክፈሉ። ከዋጋው ላይ የተረፈው ገንዘብ በአንዲት ማለፊያ ከተማ ምክንያት ከነጉዞው ሊጠፋ ይችላልና።

አሁን ወደ ቲኬቱ ዓይነት እንምጣ። ከላይ የተጠቀሰው ፓን አሜሪካን በ1991 ተዘግቷል። ዛሬ የዓለም ዙር ቲኬት በአብዛኛው የሚታወቀው አየር መንገዶች በፈጠሯቸው ኅብረቶች ነው። ከእነዚህ አንዱ ስታር አሊያንስ በ1997 በአምስት አየር መንገዶች የተመሠረተ ሲሆን፥ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ2011 አባል ሆኖበታል። ሌላው ዋንወርልድ በ1999 ሥራውን ጀምሯል። የዓለም ዙር ቲኬት የተለመዱት ደንቦች እነዚህ ናቸው፤ ጉዞው በጠቅላላው ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ በአንድ አቅጣጫ ይሆናል፤ የአትላንቲክንና የፓሲፊክን ውቅያኖስ አንዳንድ ጊዜ ያቋርጣል፤ በተነሣበት አገር ይፈጸማል፤ በረራው እስከ 16፥ ጊዜውም እስከ አንድ ዓመት ይፈቀዳል። ዋጋው አንዳንዱ በሚበረረው ማይል ልክ፥ አንዳንዱም በሚረገጡት ክፍለ ዓለሞች ቁጥር ይተመናል። ደንብ የሚለዋወጥ ስለሆነ ግን በሚቆረጥበት ቀን እንደገና መጠየቅ ግድ ነው።

የባልና ሚስቱ መንገድ ስድስት በረራ፥ ርቀቱም 22,000 ማይል ገደማ ነው። ለዚህን ያህል ጉዞ የዓለም ዙር ቲኬት የግድ ይረክሳል ማለት አይቻልም። ስለዚህ ወኪላቸውን ሁለት ሒሳብ እንዲያወጣላቸው ይጠይቁት፤ አንዱ በዓለም ዙር ቲኬት፥ ሁለተኛው በአንድ ቲኬት ላይ ብዙ ከተሞችን በሚያስይዘው ተራ አሠራር ይሁን። ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርገው ሲያዩ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን፥ ቀን ለመለወጥ ስንት እንደሚከፈል፥ ከተማ ለመለወጥ ስንት እንደሚከፈል፥ ሕመም ቢያጋጥም ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ ጨምረው ይጠይቁ። ዓመት ሙሉ የሚጓዝ ሰው ደግሞ፥ አየር መንገዶች በረራቸውን ለሽያጭ የሚከፍቱት ከአሥራ አንድ ወር ገደማ አስቀድመው ስለሆነ፥ የመጨረሻው በረራ በጊዜያዊ ቀን ተይዞ ኋላ እንደሚለወጥ ይወቅ።

ከሁሉ ይበልጥ ግን ይህን አንድ ነገር በልባችሁ ያዙ፤ በአንድ ቲኬት ላይ ያሉ በረራዎች እንደ መቁጠሪያ በአንድ ክር የተሰኩ ናቸው። ባልና ሚስቱ በዋሺንግተን ሳሉ አንድ ዘመድ ወደ ኒው ዮርክ ጋበዛቸው እንበል። «ከዋሺንግተን ከምንሄድ ከኒው ዮርክ ወደ ፍራንክፈርት ርካሽ በረራ አገኘን» ብለው ሌላ ቲኬት ገዝተው ቢሄዱና በዋሺንግተኑ በረራ ሳይገኙ ቢቀሩ፥ ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ የሚመልሳቸው በረራ አብሮ ይሰረዛል። አንዱን በረራ ሳያስታውቅ የዘለለ መንገደኛ የሚቀጥሉትን ሁሉ እንደ ተወ ስለሚቆጠር ነው። ስለዚህ አሳብ ሲለወጥ አስቀድሞ ለቲኬቱ ሻጭ መናገርና የለውጡን ዋጋ መክፈል፥ ኋላ የመመለሻ ቲኬት እንደገና ከመግዛት እጅግ ይሻላል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ አደጋም አለ። አንዳንዱ ሰው ዋጋ ለመቀነስ ሲል በረራዎቹን ለየብቻ ከልዩ ልዩ ኩባንያ ይገዛል። የመጀመሪያው አይሮፕላን ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጠው፥ ሁለተኛው ኩባንያ ኃላፊነት የለበትም። ሻንጣውንም ራሱ ተቀብሎ እንደገና ማስረከብ ይኖርበታል፤ ለዚህም ወደ አገሩ መግቢያ ቪዛ ሊያስፈልገው ይችላል። ለየብቻ መግዛት የሚያዋጣው በሁለቱ በረራዎች መካከል ቀናት ለሚያሳልፍ ሰው ነው፤ በሰዓታት ልዩነት ለሚሻገር ግን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደ ተባለው ይሆናል።

ስለ ቀንና ስለ ሰዓት ደግሞ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ጥንቃቄ ያሻናል። መስከረም 1 ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11፥ አንዳንድ ዓመት ደግሞ 12 ይውላል። ሰዓቱም የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። በቲኬት ላይ «12 ቀን፥ 00፡30» ተብሎ የተጻፈ በረራ በእኛ አነጋገር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ይነሣል። መንገደኛው ከቤቱ መውጣት ያለበት በ11ኛው ቀን ማታ ነው፤ በ12ኛው ቀን ማታ ሻንጣውን ይዞ ቢቀርብ ግን አይሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። በፓሲፊክ ላይ ያለው የቀን መለወጫ መስመርም ያደናግራል። ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ሰኞ በምሽት ከቶኪዮ ተነሥቶ በዚያው ሰኞ ረፋድ ላይ ሳን ፍራንሲስኮ ይደርሳል። ወደ ምዕራብ የሚሄድ ግን አንድ ቀን ይጎድልበታል፤ የማጄላን መርከበኞችም በ1522 ኬፕ ቨርድ ደርሰው ቀኑን ቢጠይቁ፥ በመዝገባቸው ረቡዕ የሆነው በምድር ሐሙስ ሆኖ በማግኘታቸው ተደንቀዋል። እንግዲህ በየከተማው ማን መቼ እንደሚቀበላችሁ ስትጽፉ፥ የምትነሡበትን ሳይሆን የምትደርሱበትን አገር ቀን ጻፉ።

የቀሩት ሦስት ነገሮች ጥቂት ናቸው ተብለው የሚናቁ አይደሉም። አንደኛው ስም ነው። ዮሐንስ ወይም ፀሐይ የሚባለው ስም በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ይጻፋል፤ ቲኬቱ ላይ መጻፍ ያለበት በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፥ ፊደል ሳይጨመርና ሳይቀነስ ነው። ሁለተኛው የፓስፖርት ዕድሜ ነው። የሸንገን አገሮች ከግዛታቸው ከሚወጡበት ቀን በኋላ ሦስት ወር የሚቀረው ፓስፖርት ይጠይቃሉ፤ ስድስት ወር የሚጠይቁም አገሮች ብዙ ናቸው። የአምስት ወር ጉዞ የሚጀምር ሰው እንግዲህ ፓስፖርቱ ቢያንስ አንድ ዓመት ቢቀረው መልካም ነው። ሦስተኛው የቢጫ ወባ ክትባት ነው። ታይላንድ ከአገራችን የሚመጣውን መንገደኛ የክትባቱን ወረቀት ትጠይቃለች፤ ክትባቱም የሚጸናው ከተወጉት ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመነሻው ዋዜማ የሚደረግ አይደለም። አንድ ጊዜ የተወጋ ሰው ግን ከ2016 ጀምሮ በጸናው ደንብ መሠረት ወረቀቱ ዕድሜ ልኩን ያገለግለዋል።

አንባብያን ሆይ፤ ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ምክር አጭር ነው። በመጀመሪያ የምታዩአቸውን ሰዎችና ከተሞች ጻፉ፤ ቀጥላችሁ የየአገሩን ቪዛ ደንብና ዕድሜ ከየኤምባሲው ጠይቁ፤ በዚያም መሠረት ቅደም ተከተሉንና ቀኑን ደልድሉ፤ ዋጋውን በሁለት መንገድ አሳስቡ። ቪዛው ከመገኘቱ በፊት መክፈል ግድ ከሆነም፥ ቪዛው ቢከለከል ገንዘቡ የሚመለስበትን ቲኬት ምረጡ፤ ብዙ ኤምባሲዎች ለማመልከቻ የሚጠይቁት የተያዘ መቀመጫ ማስረጃ እንጂ የተከፈለ ቲኬት አይደለምና። ይህ ሁሉ ከተለካ በኋላ ቁረጡ። ያን ጊዜ የዓመታት ቁጠባችሁ በአንድ የአይሮፕላን ማረፊያ መስኮት ፊት አይባክንም፤ ልጅም ወላጁን በተባለው ቀን፥ በተባለው በር ቆሞ ይቀበላል።

በሰላም ወጥቶ በሰላም መግባትን ለመንገደኞች ሁሉ እንመኛለን።