መድኃኒቱን በነጻ ብንሰጥ አይሻልም ወይ?
(ለደጋፊዎቻችን ከተደረገ ንግግር)



«ለአርብቶ አደሩ ከብት መድኃኒት ገዝተን በነጻ ብናድል አይሻልም ወይ?» ብላችሁ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁናል። ጥያቄው ከርኅራኄ የመጣ ስለ ሆነ ተገቢውን መልስ ልንሰጥ ይገባናል።

መልሳችንን ከታሪክ እንጀምር። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በምፅዋ በኩል ገብቶ በሬውን ፈጀው። በሬ ሲጠፋ እርሻ ቆመ፤ ድርቅና አንበጣም ተጨምረውበት ብዙ ሕዝብ በረሃብ አለቀ። አባቶቻችን ያንን ዘመን «ክፉ ቀን» ብለው ጠሩት። በሽታው ከዚያም በኋላ አንድ መቶ ዓመት ያህል ከአገራችን አልወጣም።

ክትባት ጠፍቶ አልነበረም። ነገር ግን ክትባቱ ያለ ማቀዝቀዣ ስለሚበላሽ፣ መኪና በማይገባበት በረሃ ለሚኖር የአፋር ከብት አርቢ «ላም አለኝ በሰማይ» ሆኖበት ነበር። ኋላ ሙቀትን የሚችል ክትባት ተሠራ። በ1980ዎቹ አጋማሽም ከአፋሮቹ ከራሳቸው መካከል ሰዎች ተመርጠው ሠለጠኑ፤ ክትባቱን ይዘው ከመንጋው ጋር በእግራቸው ተጓዙ። በኢትዮጵያ ደስታ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1988 ዓ.ም. ነው። በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ መሆኑ ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ መድኃኒት ያለ ሰው እንደማይደርስ ነው። ያ ሰው ደግሞ የሚኖረው መድኃኒት ሸጦ በሚያገኛት ጥቂት ትርፍ ነው። እኛ በመኪና ጭነን በነጻ ስናድል ደንበኞቹ ይተዉታል፤ እርሱም ሳጥኑን ዘግቶ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። የእኛ መኪና ይመለሳል፤ በሽታው ግን ተመልሶ ሲመጣ የሚያክም አይገኝም። አርቢውም ከገበያ ምንነቱ ያልታወቀ መድኃኒት ገዝቶ በግምት ይወጋል።

«ታዲያ በድርቅ ጊዜ ገንዘብ የሌለውስ?» ትሉ ይሆናል። ለእርሱ ኩፖን እንሰጠዋለን። አርቢው ኩፖኑን ለሠለጠነው ሰው ይሰጣል፤ ሠራተኛው ከብቱን ያክማል፤ ሒሳቡን እኛ እንከፍላለን። እንዲህ ሲሆን ድኻው አይከለከልም፤ ሠራተኛውም አይከስርም። ከዚህ ጋር፣ ከብቱ ሳይከሳ ዋጋ እያለው ከፊሉ እንዲሸጥ፣ የሚታለቡትና የሚወልዱት ላሞችም በድርቆሽ እንዲቆዩ እንመክራለን።

ዛሬም ሥራው አላለቀም። የደስታ ዘመድ የሆነ በሽታ በጎችንና ፍየሎችን ይገድላል። ፍየል ደግሞ ላም ለሌለው ቤተ ሰብ የልጆች ወተት ናት። ይህንም በሽታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2030 ከዓለም ለማጥፋት ታቅዷል። አንድ ጊዜ የተከተበ እንስሳ ለዓመታት ስለሚጠበቅ ነገሩ የሚቻል ነው፤ የሚቻለው ግን በየመንደሩ የሚከትብ ሰው ሲኖር ነው።

ስለዚህ ስጦታችሁን የምናውለው ለሥልጠና፣ ሠልጣኞቹን የሚቆጣጠር የእንስሳት ሐኪም ለመመደብ፣ መድኃኒትም ሕጋዊ ፈቃድ ካለው መደብር እንዲያገኙ ለማድረግ ነው። ይህ ከመኪና ላይ እንደሚታደል ካርቶን ፎቶግራፍ የሚነሣበት ሥራ አይደለም። እኛ ከሄድን በኋላ ግን የሚቀረው ይህ ነው።