ወድቆ ስለ መነሣት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ስለ ትምህርት ጥቅም ብዙዎች እንደሚናገሩ ስለምናውቅ፥ እኛ መጽሐፍ ይዘን ስንመላለስ በየቀኑ ስለምናየው ነገር፥ ይኸውም በመጠጥ ምክንያት ቤቱን አጥቶ በመንገድ ዳር ስለ ወደቀ ሰው ጥቂት ለመናገር አስበናል።

በመጀመሪያ ጥፋታችንን እንናገር። ከትምህርት ቤታችን በር ፊት ለፊት ካለው ሱቅ በረንዳ ላይ የሚያድር አንድ ሰው ነበረ። እኛም የቅጽል ስም አውጥተንለት፥ በተንገዳገደ ቍጥር እንስቅበት ነበር። ቀድሞ አናጢ እንደ ነበረ ማናችንም አላወቅንም፤ አልጠየቅንምም። በአንድ ክረምት ከበረንዳው ጠፋ። ሞተ ተባለ፤ እኛም ሰምተን አለፍን። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ንጹሕ ልብስ የለበሰ ሰው የተሰበሩትን ዴስኮቻችንን ሊጠግን መጣ። «ልጆች፥ አላወቃችሁኝም?» ባለን ጊዜ ከኀፍረት የተነሣ የምንገባበት ጠፋን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ እያልን እንጠራቸዋለን።

እንዴት እንደ ተነሡ ጠየቅናቸው። የነገሩንንም ካነበብነው ጋራ አስተያይተን እነሆ እናቀርባለን።

አንደኛው ሕክምና ነው። ብዙ ሰው «ልብ ቢኖረው ይተወው ነበር» ይላል። ነገር ግን ለብዙ ዘመን አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዱን እንደሚጥል በሽታ ይጥለዋል፤ የሌለ ነገር እየታየው ይቃዣል፤ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰው መጠጥን የሚተወው በሐኪም እርዳታ ሊሆን ይገባል። ጋሼንም ያን ክረምት ሆስፒታል ያደረሷቸው የሱቁ ባለቤት ናቸው።

ሁለተኛው መኖሪያ ነው። በብዙ አገር «መጀመሪያ መጠጡን ይተው፥ ቤት ኋላ ይሰጠዋል» ይባል ነበር። ፊንላንድ ግን እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2008 ጀምሮ ይህን ሐሳብ ገልብጣ፥ አስቀድማ የቤት ቍልፍና የኪራይ ውል እየሰጠች ከዚያ በሕክምናና በምክር መርዳት ጀመረች፤ ለረጅም ጊዜ ያለ ቤት የኖሩት ሰዎች ቍጥርም በጣም ቀነሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማደሪያ የሌለው ሰው መድኃኒቱንና የሥራ መሣሪያውን የት ያስቀምጣል? የሌሊቱንስ ብርድ ያለ አረቄ እንዴት ይችላል? ጋሼም ከሆስፒታል ሲወጡ ባለሱቁ ከጓሮ ያለችውን ክፍል ባይሰጧቸው ኖሮ ወደዚያው በረንዳ ይመለሱ እንደ ነበር ነግረውናል።

ሦስተኛው ጓደኛ ነው። በ1935 እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ቢል ዊልሰን የሚባል የኒው ዮርክ የአክሲዮን ደላላ ለሥራ ወደ አክሮን ከተማ ሄዶ ሳለ የመጠጥ አምሮቱ ተነሣበት። ወደ መጠጥ ቤት ከመግባት ይልቅ ግን እንደ እርሱ የሚቸገር ሰው ፈልጎ ሐኪሙን ቦብ ስሚዝን አገኘ። ዛሬ በብዙ አገር የሚገኘው፥ ስማቸውን የማይገልጡ የመጠጥ ሱሰኞች ማኅበር ከሁለቱ ጭውውት ተወለደ። የማኅበሩም ምክር ዕድሜ ልክ ላለመጠጣት ከመማል ይልቅ ለዛሬ ብቻ ላለመጠጣት መወሰን ነው።

መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። ጋሼ በአንድ ሠርግ ላይ «በሞቴ አንዲት ብርሌ» ተብለው ቢለመኑ ቀምሰው፥ ሦስት ቀን ጠጥተዋል። ባለሱቁ ግን ቍልፉን አልቀሟቸውም፤ ወደ ሐኪሙ መለሷቸው እንጂ።

በመጀመሪያው ደመወዝዎ ምን ገዙበት ብንላቸው የመለሱልንን አንረሳውም። «ምንም አልገዛሁበትም፤ ዕድር ገባሁበት። በረንዳ ላይ ሳለሁ ከረኃብ ይልቅ የምፈራው ቀባሪ ማጣትን ነበር። አሁን ሰው ሲሞት ድንኳን እተክላለሁ፤ እኔም ስሞት የሚተክልልኝ አለኝ» አሉን።

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች በወደቀ ሰው ላይ ስም ላናወጣ ቃል እንገባለን። እናንተንም አባቶቻችንንና እናቶቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን፤ በድግሳችሁ ላይ አልጠጣም ያለውን ሰው በሞቴ አትበሉት። ውኃ አቅርቡለት፤ ከአጠገባችሁም አስቀምጡት።

ዛሬ የተቀመጥንባቸውን ዴስኮች የጠገኑት እኒያ ሰው ናቸው።