ከመቱ እስከ ጉባኤ መድረክ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። አባባሉ የተነገረው ለሹመት ፈላጊ ቢሆንም፣ ድረ ገጽ በማበጀት ሙያ ለተሰማራው ሰውም የሚሠራ ነው። በየዓመቱ በልዩ ልዩ አገሮች የሚካሄዱት የቴክኖሎጂ ጉባኤዎች ከሩቅ ለሚያያቸው የሽርሽርና የግብዣ ወቅት ሊመስሉ ይችላሉ። በእርግጥ ሽርሽሩም ግብዣውም አይጠፋም። ዋናው ቁም ነገራቸው ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ነገ ሁሉም የሚገለገልበት መሣሪያ ዛሬ የሚመዘንበትና መልክ የሚይዝበት ሸንጎ መሆናቸው ነው። ከሸንጎው የቀረ ሰው፣ ሌሎች ለራሳቸው ችግር ባበጁት መሣሪያ ሲሠራ ይኖራል። የዚህ ንግግር ጥያቄም ከዚህ ይነሣል። በመቱ፣ በጎሬ ወይም በበደሌ ተቀምጦ የሚሠራ ባለሙያ ወደዚያ ሸንጎ የሚደርሰው እንዴት ነው? ከደረሰስ ምን ይናገራል?

ጉባኤ በሙያው ዕድገት ውስጥ ያለውን ድርሻ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመልከት ይበጃል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1968 ዳግላስ ኤንግልባርት በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገ የኮምፒዩተር ጉባኤ ላይ 90 ደቂቃ ያህል በፈጀ ሠርቶ ማሳያ ማውስን፣ እርስ በርስ የተያያዙ ጽሑፎችንና በሩቅ ካለ ባልደረባ ጋር በአንድ ሰነድ ላይ መሥራትን ለተሰብሳቢው አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ቲም በርነርስ ሊና ሮበርት ካዮ ስለ ዓለም አቀፉ ድር የጻፉትን ጽሑፍ በሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ፣ ለተካሄደው የሃይፐርቴክስት ጉባኤ ቢልኩ እንደ ዐቢይ ጽሑፍ አልተቀበላቸውም፤ የተፈቀደላቸው በሠርቶ ማሳያ እንዲካፈሉ ብቻ ነበር። እነርሱም በዚህ ሳይቀየሙ ሄደው ሥራቸውን አሳዩ። ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በሜይ 1994፣ ለዓለም አቀፉ ድር የመጀመሪያው የራሱ ጉባኤ በጄኔቫ በሰርን ተደረገለት። ጽሑፉ ተመልሶበት ያዘነ ወጣት ባለሙያ ቢኖር ይህ ታሪክ ሊያጽናናው ይገባል።

የኢትዮጵያ ፊደል ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እየበዙ ቢመጡም፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደላቱ ቁጥር የሚሰጠው በየራሱ ስልት ነበር። ከዚህ የተነሣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር። መፍትሔው የተገኘው ፊደሉ ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ውስጥ ቋሚ ቦታ ሲያገኝ ነው። ለዚህም እንደ ፍስሃ አጥላው፣ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ያሉ ባለሙያዎች ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች ተካተቱ። ዛሬ በመቱ ገበያ ቆሞ በእጅ ስልኩ የአማርኛ መልእክት የሚልክ ነጋዴ የዚያ ድካም ተጠቃሚ ነው። ያን ጊዜ ተነሥቶ የሚናገር ባይገኝ ኖሮ ሠንጠረዡ መውጣቱ አይቀርም ነበር፤ የሚጎድለው ፊደሉ ነበር።

ሆኖም ወደ መድረኩ የሚወስደው መንገድ ለሁሉም እኩል አልተጠረገም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 በሞንትሪያል በተደረገው፣ ኒውሪፕስ በሚባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ ለመካፈል ተዘጋጅተው የነበሩ ብዙ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች ቪዛ ተከልክለው ቀርተዋል። ከቀሩትም መካከል ትምኒት ገብሩና ረድኤት አበበ ከተባባሪዎቻቸው ጋር በ2017 የመሠረቱት «ብላክ ኢን ኤአይ» የተባለው ስብስብ በዚያው ላዘጋጀው ዐውደ ጥናት የተጠሩ ብዙዎች ነበሩ። በዚያው ሰሞን፣ ሰው ወደ ጉባኤው መምጣት ካልተፈቀደለት ጉባኤው ወደ ሰው ይሂድ የሚለው አሳብ ሚዛን ደፍቶ፣ አይ.ሲ.ኤል.አር. የተባለው ሌላው ታላቅ ጉባኤ ከሚያዝያ 18 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ እንዲካሄድ ተወሰነ። ነገር ግን የኮሮና ወረርሽኝ ስለ ደረሰ ስብሰባው በኢንተርኔት ብቻ ተካሄደ። ጉባኤው የአፍሪካን ምድር የረገጠው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም.፣ በኪጋሊ ነው። አዲስ አበባም በበኩሏ ከኅዳር 19 እስከ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. 17ኛውን የተባበሩት መንግሥታት የኢንተርኔት አስተዳደር መድረክ አስተናግዳለች።

ጉባኤ አዲስ አበባ ሲመጣ የቪዛው አጥር ይፈርሳል፤ የመንገዱ ርቀት ግን አይፈርስም። ከመቱ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በሁሩሙና በያዮ አልፎ በደሌ የደረሰ መንገደኛ፣ ከዚያ በጅማ ወይም በነቀምቴ በኩል ጉዞውን ይቀጥላል። የሁለት ቀን ስብሰባ ለመካፈል የሚወጣው የጉዞ ጊዜ ከስብሰባው ጊዜ ሊበልጥ ይችላል፤ አበል ለማይታሰብለት የግል ሠራተኛ ደግሞ ወጪው ቀላል አይደለም። «በኢንተርኔት ይካፈላ!» የሚል ይኖራል። ለዚህም መብራቱና መስመሩ የጸና መሆን አለበት። ጉባኤዎች ሁሉ ወደ ኢንተርኔት በተዛወሩበት በ2012 ዓ.ም.፣ ከሰኔ 23 ቀን ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ እንደ ነበር አይዘነጋም።

ይህ ሁሉ መሰናክል ታልፎ ባለሙያው መድረኩ ላይ ቢወጣ ምን ይናገራል? ከሩቅ ከተማ የሚመጣ ተናጋሪ ብዙ ጊዜ የሚፈተነው፣ በሌላ አገር የተጻፈውን አጥንቶ መልሶ በማስተማር ነው። ሰሚው ግን ያንን ከምንጩ ሰምቶታል። ሰሚው የማያውቀው ያዮን ነው።

ያዮ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበ፣ የአረቢካ ቡና በዱር የሚበቅልበት ደን ያለበት ምድር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2023 ባወጣው ደንብ፣ ወደ ገበያው የሚገባ ቡና ሁሉ ከበቀለበት ማሳ የቦታ መለያ ቁጥር ጋር እንዲቀርብ ይጠይቃል። ደንቡ የሚጸናበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም፣ ዝግጅቱ በየአገሩ ተጀምሯል። ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ዙሪያው በሙሉ ይመዘገባል፤ ከዚያ ላነሰው አንድ ነጥብ ይበቃል። ቁጥሩ ግን ከነጥብ በኋላ ቢያንስ 6 አኃዝ ሊኖረው ይገባል።

አንድ በመቱ የሚሠራ የድረ ገጽ ባለሙያ ይህን የሚመዘግብ ሥርዓት እንዲያበጅ ቢጠየቅ ምን እንደሚገጥመው ማሰብ ይቻላል። ስድስተኛው አኃዝ በምድር ላይ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ተራ የእጅ ስልክ ግን ሰማዩ በተገለጠበት ሜዳ እንኳ 5 ሜትር ያህል ይሳሳታል፤ ይኸውም ከ40 እጥፍ በላይ ነው። የቡናው ማሳ ያለው በዋንዛና በሌሎች የጥላ ዛፎች ሥር ስለሆነ፣ ከሳተላይት የሚመጣው ምልክት በቅጠልና በግንድ እየተጋረደ ስሕተቱ ይብሳል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ስድስት አኃዝ ቢሞላም፣ የመጨረሻዎቹ አኃዞች እውነት አይደሉም። ማሳው ትንሽ ከሆነ ነጥቡ ከጎረቤት እርሻ ወይም ከተከለለ ደን ላይ ሊያርፍ ይችላል። በዚያ ላይ የከተማዋ የመቱ ስም ራሱ በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ተጽፎ ይገኛል፤ የገበሬው ስምም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቁቤ ሲጻፍ መልኩ ይለዋወጣል። መዝገቡ ይህን ካላወቀ አንዱን ሰው ሁለት፣ ሁለቱን አንድ ያደርጋል። በዚህ ስሕተት የሚጎዳው ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው አይደለም፤ ጥፋት ሳይኖርበት ቡናው የሚመለስበት ገበሬ ነው። ይህን በቁጥርና በማስረጃ ይዞ የሚቀርብ ባለሙያ ካለ፣ በየትኛውም ከተማ ያለ ጉባኤ ጆሮውን ይሰጠዋል፤ ምክንያቱም ነገሩን ከስፍራው ካልመጣ ሰው ሊሰማው አይችልምና።

ስለ አነጋገሩም ጥቂት መጥቀስ ተገቢ ነው። ተናጋሪው ሠርቶ ማሳያውን በአዳራሹ ኢንተርኔት ላይ ብቻ መጣል የለበትም፤ ሁሉንም በኮምፒዩተሩ ውስጥ ይዞ መቅረብ አለበት። የማያውቀውን ሲጠየቅ «አላውቅም፣ አጣርቼ እመልሳለሁ» ማለት ክብሩን አይቀንስበትም። በእንግሊዝኛው ቢሰናከልም አሳቡ የጠራ ከሆነ ይገባል። ከንግግሩ በኋላም በሻይ ዕረፍት ላይ የሚገኘው ትውውቅ ከአዳራሹ ንግግር ይበልጥ ፍሬ የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነውና፣ ከቆመበት ጥግ ወጥቶ ሰው ማነጋገር ይገባዋል።

የተከበራችሁ አባላት፤ ከዚህ በመነሣት ለማኅበሩ ሦስት ነገሮች ይታሰባሉ። አንደኛ፣ ከዓመታዊ ስብሰባዎቹ አንዱ በመቱ ወይም በበደሌ ቢደረግ፣ ወጣቱ ባለሙያ በገዛ አገሩ ሰው ፊት መናገርን ይለማመዳል። በ2004 ዓ.ም. የተቋቋመው የመቱ ዩኒቨርሲቲም ለዚህ አመቺ ስፍራ ነው። ሁለተኛ፣ አንጋፋ አባላት ወጣቶች ወደ ጉባኤ የሚልኩትን ጽሑፍ አስቀድመው አንብበው ቢያርሙላቸው፣ ወጪ ሳይጠይቅ ብዙ ይረዳል። ሦስተኛ፣ በማኅበሩ ድጋፍ ጉባኤ የተካፈለ ሁሉ ሲመለስ ያየውንና የሰማውን በመጽሔቱ ላይ እንዲጽፍ ግዴታ ይሁን። ለብቻ የተሰማ ትምህርት ከሰሚው ጋር ይቀራልና።

ጎሬ በቀድሞ ዘመን ቡናዋን በጋምቤላ ወደብ በኩል እስከ ካርቱም ትልክ ነበር። የኢሉባቦር ቡና የዓለምን ገበያ ካወቀ እነሆ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስለዚያ ቡና በሚመክረው ጉባኤ ላይ የኢሉባቦር ሰው ራሱ ቆሞ የሚናገርበት ጊዜም ሊዘገይ አይገባም።