የጨው ውሃና የወርቅ ቀለበት፤ በባሕር ዳር የሚያገለግል የብረታ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ስለ መምረጥ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ ከእኔ የጠየቀው ሙያችን ከዕለት ኑሮ ጋር የሚገናኝበትን አንድ ጉዳይ መርጬ እንዳቀርብ ነበር። የመረጥሁትም በባሕር ዳርና በባሕር ውስጥ የጠፋ ወይም የተቀበረ ነገር ለመፈለግ የሚያገለግለው የብረታ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ እንዴት መመረጥ እንደሚገባው ነው። የባሕር በር በሌላት አገር ተቀምጦ ስለ ባሕር ዳር አሸዋ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ ከመንገድ የወጣ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ዛሬ ከወገኖቻችን ብዙዎቹ በሜዲትራንያን፣ በባሕረ ሰላጤውና በአትላንቲክ ዳርቻ ይኖራሉ፤ ጉዳዩም ወደ እኔ የመጣው ከእነርሱው በአንዷ በኩል ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በእስራኤል አገር በአሽዶድ ከተማ የምትኖረው የእኅቴ ልጅ ስልክ ደወለችልኝ። ባሕር ገብታ ስትታጠብ የቃል ኪዳን ቀለበቷ ከጣቷ ወልቆ፣ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ጠፍቶባታል። «ጋሼ፣ እርስዎ የኤሌክትሪክ ሰው ነዎት፤ የቱን መሣሪያ ልግዛ?» አለችኝ። እኔም እንደ ባለሙያ ሳይሆን እንደ ችኩል ገበያተኛ፣ «በጥልቀት የሚሰማውን ግዢ» ብዬ መለስሁላት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በዚያች አንዲት ቃል ምክንያት የደረሰውን ወደ ኋላ እናገራለሁ። አስቀድሜ ግን ይህ ስሕተት ከመሣሪያው ታሪክ ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑን ላሳያችሁ እወዳለሁ።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1881 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት በተመቱ ጊዜ፣ ሐኪሞቹ በሰውነታቸው ውስጥ የቀረችውን እርሳስ ማግኘት ተሳናቸው። ስልክን የሠራው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በጥምጥም ሽቦና በስልክ ማዳመጫ የሚሠራ መፈለጊያ አዘጋጅቶ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሄደ። መሣሪያው አስቀድሞ በተሞከረበት ስፍራ ሁሉ በሚገባ ሠርቶ ነበር። በፕሬዚዳንቱ አልጋ አጠገብ ግን ከቦታ ቦታ የማይለይ የተዘበራረቀ ድምፅ ሰጠ። በኋላ እንደ ታወቀው በፍራሹ ሥር የብረት ሽቦ ነበረ፤ ከዚህም በላይ ፍለጋው በቀኝ ጎን ሲካሄድ ጥይቷ የነበረችው በግራ ነው። ፕሬዚዳንቱ በተመቱ በ79ኛው ቀን ዐረፉ። እንግዲህ የቤል መሣሪያ መስማት አልተሳነውም፤ የሰማውንም ሁሉ ተናገረ። ያልታወቀው የሚፈለግበት ስፍራ ነበር። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው እጅግ ቢሻሻልም ገዢው እስከ ዛሬ ድረስ የሚሳሳተው በዚሁ ነጥብ ላይ ነው።

የመሣሪያው አሠራር ለዚህ ጉባኤ እንግዳ አይደለም። በክብ የተጠመጠመ ሽቦ ተለዋዋጭ የመግነጢስ መስክ ይፈጥራል፤ መስኩ በአሸዋው ውስጥ ብረታ ብረት ሲያገኝ በዚያ ላይ የሽክርክሪት ጅረት ያስነሣል፤ ጅረቱም በተራው የራሱን ደካማ መስክ ይመልሳል። መሣሪያው የሚሰማው ይህንኑ መልስ ነው። መስኩ ከጥምጥሙ እየራቀ ሲሄድ በርቀቱ ሦስተኛ ኃይል መጠን ይደክማል፤ መልሱም ወደ ላይ ሲመለስ እንደዚሁ ይደክማል። ስለሆነም ከጥምጥሙ ስፋት ይልቅ በጥልቀት ለተቀበረ ትንሽ ዕቃ የመልሱ ብርታት በርቀቱ ስድስተኛ ኃይል ይቀንሳል ማለት ነው። ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን መልሱ 64 ጊዜ ያንሳል። በአንጻሩ ፋብሪካው የሚልከውን መስክ ብርታት እጥፍ ቢያደርገው የሚያተርፈው ጥልቀት ከመቶ 12 ያህል ብቻ ነው። «ከሌላው እጥፍ ጠልቆ ይሰማል» የሚል ማስታወቂያ ስናነብ ይህችን ስሌት ብናስታውስ ብዙ ገንዘብ እናድናለን።

ጥልቀት እንደዚህ በተፈጥሮ ሕግ የታጠረ ከሆነ፣ በመሣሪያዎች መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት የሚገኘው የማይፈለገውን ድምፅ በመተው ችሎታቸው ላይ ነው። በባሕር ዳር ደግሞ የማይፈለጉት ድምፆች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ጨው፣ ጥቁር አሸዋና የሰው ልጅ ጥራጊ ናቸው።

ከጨው እንጀምር። የባሕር ውሃ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት በሜትር 4 ወይም 5 ሲመንስ ገደማ ነው። ይህ ከመዳብ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ነገር ግን መዳቡ አንዲት ሳንቲም ስትሆን ውሃው መሣሪያውን በአራቱም ማዕዘን የከበበ ባሕር ነው። ብዙ ሰዎች የጨው ውሃ መስኩን አፍኖ የሚያስቀረው ይመስላቸዋል። በ10 ኪሎ ኸርዝ ድግግሞሽ ግን መስኩ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ለመውረድ በባሕር ውሃ ውስጥ ከ2 ሜትር በላይ መሄድ አለበት፤ ቀለበት የሚፈለገው ደግሞ በጥቂት ስንዝር ጥልቀት ነው። ስለዚህ ጨው መሣሪያውን አያፍነውም፤ ጨው ራሱ ይናገራል። ይባስ ብሎም የጨው ድምፅ ከሚመስላቸው ዕቃዎች መካከል ቀጭን የወርቅ ሐብልና ትንሽ ቀለበት ይገኙበታል።

ጥቁር አሸዋ የምንለው በማግኔታይት የበለጸገ ከባድ አሸዋ ነው። ማዕበል ቀላሉን አሸዋ ጠርጎ ሲወስድ ይህ ከወርቁ ጋር ወደ ኋላ ይቀራል። መልሱ ከጨው መልስ በባሕርዩ ይለያል። አንድ ድግግሞሽ ብቻ ያለው መሣሪያ አንዱን ለማስተካከል የሚዞር አንድ መቈጣጠሪያ አለው፤ ጨውን ዝም ሲያሰኝ አሸዋው ይጮኻል፤ አሸዋውን ዝም ሲያሰኝ ጨው ይጮኻል።

የእኅቴ ልጅ በእኔ ምክር የገዛችው ይህን ዓይነቱን ነበር። በደረቅ አሸዋ ላይ ስትሞክረው ሳንቲም እየለቀመ አስደሰታት። ውሃው ቁርጭምጭሚቷን በነካው ጊዜ ግን መጮኽ ጀመረና አላቆመም። ድምፁን ለማብረድ የመስማት መጠኑን ዝቅ ስታደርግ፣ በእጇ ይዛ ያቀረበችለትን የእናቷን ቀለበት እንኳ ሳይሰማ ቀረ። ሻጩ አልዋሸም፤ መሣሪያው ውሃ አያስገባም ነበር። ይህን ነጥብ በተለይ እንድታስተውሉልኝ እለምናለሁ። ውሃ አለማስገባትና የጨው ውሃን መቻል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለምሳሌ የጋሬት ፋብሪካ «ኤቲ ፕሮ» እስከ 3 ሜትር ውሃ ውስጥ ይገባል፤ የሚሠራው ግን በአንድ የ15 ኪሎ ኸርዝ ድግግሞሽ ስለ ሆነ ምቹ ስፍራው ጣፋጭ ውሃና ደረቅ መሬት ነው። በጣና ዳር ሊያገለግል ይችላል፤ ጨዋማ በሆኑት በሻላና በአብያታ ዳር ግን እንደ ባሕር ውሃ ሊያስቸግር ይገባዋል።

ሁለተኛው ዓይነት በምት የሚሠራው ነው። ይህ አጭርና ብርቱ የኤሌክትሪክ ምት ልኮ ያቋርጣል፤ ከዚያም ለጥቂት የሚሊዮንኛ ሰከንድ ዝም ብሎ ከቈየ በኋላ ያዳምጣል። በጨው ውሃ ውስጥ የተነሣው ጅረት በዚያች አጭር ጊዜ ይከስማል፤ በቀለበት ውስጥ የተነሣው ግን ገና አልጠፋም። በዚህም ጥበብ ጨውን ያልፋል፤ በጥቁር አሸዋም ብዙ አይረበሽም። የጋሬት «ሲ ሀንተር ማርክ 2» ከዚህ ወገን ሲሆን እስከ 60 ሜትር ለሚጠልቅ ዋናተኛ የተሠራ ነው። ጉድለቱ ብረትን ከወርቅ በሚገባ አለመለየቱ ነው። ዘመዳችን ከአንድ ጠላቂ ተውሳ ይህንኑ ዓይነት በሁለተኛው ሳምንት ሞከረች። ጨው ጸጥ አለ። ለሁለት ቀን ስትቈፍር ግን ያወጣችው የጠርሙስ ቆርኪ፣ ሚስማር፣ የፀጉር ሽቦና የዓሣ መንጠቆ ሆነ። ጥራጊ በሌለበት ገለልተኛ ዳርቻ ይህ መሣሪያ ወደር የለውም፤ ሕዝብ በሚታጠብበት ዳርቻ ግን ጀርባን ይሰብራል።

ሦስተኛው በብዙ ድግግሞሽ በአንድ ጊዜ የሚሠራው ነው። ጨውና ጥቁር አሸዋ ለዝቅተኛውና ለከፍተኛው ድግግሞሽ የሚሰጡት መልስ የተለያየ ስለ ሆነ፣ መልሶቹን አዛምዶ በማቀናነስ ሁለቱንም በአንድነት ዝም ማሰኘት ይቻላል። አንድ ድግግሞሽ ለሁለት ያልታወቁ ቁጥሮች የቀረበ አንድ ቀመር ነው ብንል፣ ይህ የጐደለውን ቀመር ይጨምርልናል። ብረቱንም በመጠኑ ይለያል። የአውስትራሊያው ሚኒላብ የሠራው «ኤክስካሊበር 2» እስከ 60 ሜትር ይጠልቃል፤ «ኢኲኖክስ 800» እስከ 3 ሜትር፣ «ኢኲኖክስ 900» ደግሞ እስከ 5 ሜትር ይገባል። ቆሞ በወገብ ውሃ ለሚፈልግ ሰው 3 ሜትር ከበቂ በላይ ነው፤ ለ60 ሜትር ተጨማሪ ዋጋ መክፈል የሚገባው በእርግጥ ለሚጠልቅ ሰው ብቻ ነው።

ከዚህ ሌላ ገዢው ሊመለከታቸው የሚገቡ ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች አሉ። ገመድ አልባ ማዳመጫ ጭንቅላት ከውሃ በታች ሲሆን አይሠራም፤ ውሃ የማያስገባ ባለገመድ ያስፈልጋል። ጥምጥሙ የሚንሳፈፍ ከሆነ ክንድን ያደክማል። ከአሸዋ ጋር የሚያወጣው ባለወንፊትና ባለረዥም እጀታ መዛቂያ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ይሁን። ከሁሉም በላይ፣ ከእያንዳንዱ ፍለጋ በኋላ መሣሪያውን በጣፋጭ ውሃ ማጠብና የባትሪውን ቤት የጎማ ማኅተም መመርመር የባለቤቱ ግዴታ ነው።

ወደ ታሪካችን ልመለስ። ሦስተኛውን መሣሪያ ይዤ እኔው ራሴ ሄድሁ። ስፍራው ከጥንታዊ ቅርስ ክልል ውጭ መሆኑን አስቀድመን ጠየቅን። በማለዳ፣ ባሕሩ ጸጥ ባለ ጊዜ ገመድ ዘርግተን በመስመር ፈተሽን። መሣሪያው እንደ ተባለው ጨውን ተወ፤ ብረቱን በአብዛኛው ለየ። ነገር ግን በመጀመሪያው ስልክና በዚያ ማለዳ መካከል አንድ ብርቱ ማዕበል አልፎ አሸዋውን ገልብጦት ነበር። በሦስተኛው ቀን ከጠንካራው የባሕር ወለል በላይ ቀለበት አገኘን። አንሥታ አጠበችው፤ የእርሷ አልነበረም። በውስጡ የሌላ ሰው ስምና ቀን ተቀርጾበታል። ጥቂት ዝም አለችና፣ «ይህኛውን የምትፈልግ ሴት ትኖራለች» አለችኝ። በዚያው ዕለት ለፖሊስ አስታወቀች። የእርሷ ቀለበት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ማዕበሉ ሳይመጣ ትክክለኛውን መሣሪያ ይዛ ቢሆን ኖሮ ይገኝ ነበር ብዬ በእርግጥ ለመናገር አልችልም፤ ያለፉት ሁለት ሳምንታት ግን በእኔ አንዲት ቃል የባከኑ ናቸው።

የተገኘ ነገር ባለቤት አለው የሚለው ሐሳብ ለቀለበት ብቻ የሚሠራ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. ከአሽዶድ በስተ ሰሜን በምትገኘው በቂሳርያ ጥንታዊ ወደብ፣ ከክረምት ማዕበል በኋላ የጠለቁ ሰዎች በባሕሩ ወለል ላይ ሳንቲሞች አዩ። በመጀመሪያ የልጆች መጫወቻ መስሏቸው ነበር። እውነተኛ መሆኑን ሲረዱ ጉዳዩን ለአገሪቱ የቅርስ ባለሥልጣን አስታወቁ። ባለሙያዎቹ ከእነርሱ ጋር የብረታ ብረት መፈለጊያ ይዘው ተመልሰው ወደ 2,000 የሚጠጉ የፋጢማውያን ዘመን የወርቅ ሳንቲሞች አወጡ። ጠላቂዎቹ ሳንቲሞቹን በኪሳቸው ከትተው ቢሄዱ ኖሮ የሚቀረው የወርቅ ሚዛን ብቻ ነበር። ስፍራው በመታወቁ ግን ተመራማሪዎች ሰምጦ ስለ ቀረ መርከብና ወደ ግብፅ ይጓዝ ስለ ነበር ግብር ለመነጋገር ቻሉ። የዚያች አገር የ1978 ሕግ ያለ ፈቃድ ጥንታዊ ዕቃ በብረታ ብረት መፈለጊያ መፈለግን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ የተገኘም በ15 ቀን ውስጥ እንዲነገር ያዛል። የእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ እንዲታወቅ ያስገድዳል። በአንድ ማሳ ውስጥ የተገኘ የአክሱም ሳንቲም ከስፍራው ተነሥቶ ገበያ ሲወጣ ምን ያህል ታሪክ እንደሚያጠፋ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያሻኝም።

ክቡራንና ክቡራት፤

እንግዲህ ወዳጅ ዘመድ «የቱን ልግዛ?» ብሎ የጠየቃችሁ እንደ ሆነ፣ ከመመለሳችሁ በፊት አራት ጥያቄዎች እንድትጠይቁት አደራ እላለሁ። የምትቆመው በደረቅ አሸዋ ነው፣ በእርጥብ ነው፣ ወይስ በውሃ ውስጥ? ውሃው ጣፋጭ ነው ወይስ ጨው? ዳርቻው ሰው የሚበዛበት ነው ወይስ ገለልተኛ? የምትፈልገውስ የማን ነው? የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ መሣሪያውን ይመርጡለታል። አራተኛው መሣሪያው በጮኸ ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባው ይነግረዋል። እኔ ከአራቱ አንዱን እንኳ ሳልጠይቅ መለስሁ፤ ስለዚህም ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ ተናገርሁ።