ከክር ላይ የተረፈ ድምፅ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአበው ምሳሌ የተነገረው ድምፅን የሚያስቀምጥ መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን ነው። መቅረጸ ድምፅ ከተፈለሰፈ ወዲህ ግን በቃልና በጽሑፍ መካከል ሦስተኛ ነገር ገብቷል፤ ይኸውም በክር ላይ የተቀረጸ ቃል ነው። ይህስ እንደ ቃል ይረሳል ወይስ እንደ ጽሑፍ ይወረሳል? የዚህ ንግግር ጥያቄ ይኸው ነው። መልሱም በመሣሪያው ብርታት ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ቅጂው በስንት ሰው እጅ እንደ ገባና ማን እንደ ጠበቀው በማየት ነው እንጂ።

በ1898 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በፎኖግራፍ ሲሊንደር ላይ መልእክት ቀርጸው ላኩ። ሲሊንደሩ ከተደመጠ በኋላ እንዲጠፋ በመታዘዙ የንግሥቲቱ መልእክት ዛሬ የለም። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በድምፃቸው የሰጡት መልስ ግን ስለ ተጠበቀ በለንደኑ ብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። መሣሪያው አንድ ዓይነት ነበር፤ ዕጣቸውን የለየው የአጠባበቁ ነገር ነው።

በዚህ ረገድ በዓለም እጅግ የታወቀው ምሳሌም ከዚያው ከእንግሊዝ አገር ነው። ቢቢሲ በ1963 እ.ኤ.አ. «ዶክተር ሁ» የተባለውን፣ በዘመናትና በጠፈር መካከል የሚመላለስ መንገደኛን ታሪክ የሚተርከውን የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ ድራማ በቴሌቪዥን ማሳየት ጀመረ። በዚያን ጊዜ የምስል መቅረጫ ክር ዋጋው ውድ ነበር፤ አንድ ጊዜ የታየ ክፍል ደግሞ ተመልሶ ይፈለጋል ተብሎ አልታሰበም። ስለዚህ ክሩ እየተደመሰሰ ሌላ ፕሮግራም ተቀረጸበት፤ ለውጭ አገር ሽያጭ የተዘጋጁት የፊልም ቅጂዎችም ብዙዎቹ ጊዜያቸው አለፈ ተብለው ተወገዱ። በዚህም ምክንያት ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት 253 ክፍሎች ውስጥ ከ90 በላይ የሚሆኑት ምስላቸው ጠፍቶ ቀርቷል።

የሁሉም ክፍሎች ድምፅ ግን አልጠፋም። ያዳኑትም ባለሥልጣናት ወይም የቤተ መዛግብት ሹማምንት አልነበሩም፤ ድራማውን የሚወዱ ወጣቶች ነበሩ። ከፊሎቹ የቤቱን ሰው ዝም አሰኝተው ማይክሮፎን ከቴሌቪዥኑ ድምፅ ማጉያ ፊት ይደቅኑ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ነገር የገባቸው ደግሞ ሽቦ በቀጥታ ከመሣሪያው ውስጥ እየሳቡ ጥራቱ የሚያስደንቅ ቅጂ አስቀርተዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ስድስት ክፍል ያለው አንድ የጠፋ ታሪክ በአኒሜሽን እንደገና ተሠርቶ ለሕዝብ የቀረበው በእነዚህ የቤት ቅጂዎች ድምፅ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ በናይጄሪያ፣ በጆስ ከተማ፣ በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ መጋዘን ውስጥ የተገኙ ዘጠኝ የጠፉ ክፍሎች ይፋ ሆኑ። ባለቤቱ የጣለውን፣ ሩቅ ያለው ሳያውቀው ጠብቆት ነበር ማለት ነው።

ይህ ነገር ለጎጃም ደጋ ባዕድ አይደለም። በ1902 ዓ.ም. በጎዛምን ወረዳ የተወለዱት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳተሙ። የመጽሐፉ ታሪክ ከማንኩሳ ተነሥቶ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ይዘልቃል፤ በዛብህ፣ ሰብለ ወንጌልና ጉዱ ካሣም የጎጃምን አነጋገር ይዘው ይመላለሱበታል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ዝነኛው ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ ይህን መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ፕሮግራም ተረከው። ማንበብ የማይችለው ገበሬ ሳይቀር የአገሩን ሰዎች ታሪክ በጆሮው የሚሰማበት ዕድል ተከፈተ፤ ከጎጃም ወጥቶ አዲስ አበባ የታተመው ቃል ድምፅ ሆኖ ወደ ጎጃም ተመለሰ።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ከአዲስ አበባም 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በመካከሉ የዓባይ በረሃ አለ። በመካከለኛ ሞገድ የሚሠራጭ ፕሮግራም በቀን ምድር ለምድር እየተጓዘ ይደክማል፤ ሲመሽ ግን ከላይኛው የአየር ክፍል እየተንፀባረቀ ሩቅ ይደርሳል። በልዩ ልዩ መንገድ የመጡት ሞገዶች ሲገናኙ አንዳንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዳንዴም ይሻራሉ። አድማጭ ድምፁ ሲጎላና ሲጠፋ፣ ጆሮውን ወደ ሬዲዮኑ እያስጠጋ የሚቸገረው ስለዚህ ነው።

ለመሐንዲስ ቁም ነገሩ ቀጥሎ ያለው ነው። ይህ የሞገድ መሻር በሁሉም ቦታ በአንድ ቅጽበት አይደርስም። ደብረ ማርቆስ ላይ የጠፋው ዐረፍተ ነገር ቢቸና ላይ ጎልቶ ተሰምቶ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ አንዱን ሥርጭት በሁለት ቦታ የቀረጹ ሁለት ካሴቶች ቢገኙ፣ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። የቅጂ መብዛት ብልጫው እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል፤ ብዙ ደካማ ቅጂ ተደጋግፎ አንድ ጤነኛ ድምፅ ሊያስገኝ ይችላል።

ካሴት በ1963 እ.ኤ.አ. በፊሊፕስ ኩባንያ ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ወርዱ 3.81 ሚሊሜትር የሆነው ክር በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር ይጓዛል። መብራት በሌለበት ቤት ቴፑ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ሲደክም ሞተሩ ክሩን ቀስ እያለ ይስባል፤ በዚህ ሁኔታ የተቀረጸው ክር በትክክለኛ ፍጥነት ሲጫወት የተራኪው ድምፅ ይቀጥናል፣ ንግግሩም ይጣደፋል። ይህን ማረም ይቻላል። ከጣቢያው ወይም ከቤቱ መብራት የገባ የ50 ኸርዝ እምምታ በክሩ ላይ ካለ፣ እርሱ ራሱ እንደ ማስመሪያ ሆኖ የፍጥነቱን ስሕተት ያሳያል። ብዙ ሰው የሚጸየፈው እምምታ ለባለሙያው ምስክር ነው።

የካሴት ትልቁ ጠላት ግን እርጅና ወይም የጎጆ ጭስ ብቻ አይደለም። ካሴት በገንዘብ የሚገዛ ነውና፣ ትናንት ትረካ የተቀረጸበት ዛሬ የሠርግ ዘፈን ይቀረጽበታል። ቢቢሲን ያሳሳተው የዋጋ ስሌት በአንድ ገበሬ ቤትም ይሠራል፤ ማንንም መውቀስ አይገባም። በካሴቱ ጀርባ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ የሰበረ ሰው ግን «ይህ አይደመሰስ» ብሎ ፈርዷል። ጥርሷ የተሰበረ ካሴት በተገኘ ጊዜ፣ ባለቤቱ ሊያስቀር የፈለገው ነገር በውስጡ እንዳለ መገመት ይገባል።

ለማዳን የሚያስፈልገው ሥራ ከባድ አይደለም፤ ጥንቃቄ ግን ይጠይቃል። ክሩ የተበጠሰ ከሆነ ይቀጠላል፤ ስፖንጁ የወደቀ ከሆነ ክሩ ወደ ጤነኛ ቀፎ ይዛወራል። የማጫወቻው ሄድ በአልኮል ይጸዳል፤ ማዕዘኑም በትንሽ ካቻቢቴ እየተስተካከለ ድምፁ እጅግ በሚጠራበት ቦታ ላይ ይቆማል። አንድ ሰዓት ድምፅ በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት በአንድ መስመር ሲገለበጥ 518 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። በዛሬ ዋጋ ይህ ከአንድ ባዶ ካሴት የቀድሞ ዋጋ ጋር እንኳ የሚነጻጸር ወጪ አይደለም።

በዚህ ላይ የሙያ ክርክር ይነሣል። በቤት የተቀረጸ ክር የተራኪውን ድምፅ ብቻ አይዝም፤ የሕፃን ልቅሶ፣ የውሻ ጩኸት፣ የእናት «እስቲ ዝም በሉ» ማለት አብሮ ይገባል። አንዳንዱ ባለሙያ ይህ ሁሉ ይጽዳ ይላል። ሆኖም የጸዳ ነገር ተመልሶ አይቆሽሽም፤ የተቆረጠ ድምፅም አይመለስም። ስለዚህ አስቀድሞ ክሩ እንዳለ፣ ከነጉድፉ ይገልበጥ፤ የማጣራቱ ሥራ በሁለተኛ ቅጂ ላይ ይሁን። የዚያ ቤት ጫጫታ አንድ ሕዝብ መጽሐፍን እንዴት ባለ ሁኔታ እንዳደመጠ የሚያስረዳ ታሪክ ነው።

የወጋየሁ ትረካ ዕድለኛ ነው፤ በሲዲና በኢንተርኔት እየተባዛ እስከ ዛሬ ይደመጣል። በጎጃም ደጋ ሣጥኖች ውስጥ የሚቀመጥ ካሴት ሁሉ ግን ይህን ዕድል አላገኘም። ተማሪ የቀረጸው የመምህሩ ቅኔና ዜማ፣ የአዝማሪው ጨዋታ፣ የቀረርቶውና የለቅሶው ቃል ብዙ ጊዜ ያለ አንድ ክር ሌላ ቅጂ የለውም። ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. በጀመሩት የማስጠንቀቂያ ዘመቻ፣ ማጫወቻ መሣሪያዎችና መለዋወጫዎች እየጠፉ ስለሆነ በክር ያለው ድምፅ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ገደማ ካልተገለበጠ ሊደመጥ የማይችልበት ጊዜ እንደሚመጣ አመልክተዋል። ያ ዓመት አልፏል። ጤነኛ ቴፕና እርሱን የሚጠግን እጅ ገና በሚገኝበት ቦታ ግን ሥራው አልመሸበትም።

ከማኅበሩ አባላት የሚጠበቀው ታላቅ ሕንፃ አይደለም። አንድ የተስተካከለ ማጫወቻ፣ አንድ ኮምፒዩተር፣ ክሩን በቤቱ ለመገልበጥ ፈቃደኛ የሆነ አንድ ባለሙያ ይበቃል። ካሴቱ ለባለቤቱ ይመለስ፤ የቀረጸው ሰው፣ ቦታውና ዘመኑ ይመዝገብ። ቅጂውም በአንድ ቦታ ሳይወሰን በሁለትና በሦስት ቦታ ይቀመጥ። የደራሲና የከዋኝ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ መሆኑም አይዘንጋ፤ መጠበቅ ሌላ፣ መሸጥ ሌላ ነው።

እንግዲህ በክር ያለ ቃል ይረሳል ወይስ ይወረሳል ለተባለው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው እንደ ቃል ይረሳል፤ በብዙ እጅ የገባው እንደ ጽሑፍ ይወረሳል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነውም ሣጥኑን ዛሬ የሚከፍተው ሰው ነው።