ቼክ፣ ሻህ እና ሰንጠረዥ

ጠዋት ወላይታ ሶዶ መናኸሪያ ቆም ብላችሁ ብታዳምጡ «ቼክ» የማይል ሰው የለም። ሾፌሩ ረዳቱን «ጎማውን ቼክ አድርግ» ይለዋል፤ ነጋዴው ቼክ ሊመነዝር ባንክ ይሮጣል። ሁለቱም ሳያውቁት የሚያነሡት አንድ የፋርስ ንጉሥ ነው።

«ሻህ» በፋርስኛ ንጉሥ ነው። በቼዝ የባላጋራን ንጉሥ ያሰጋ ተጫዋች «ሻህ!» ብሎ ያስጠነቅቅ ነበር። ቃሉ በዓረብና በፈረንሳይ አልፎ እንግሊዝ ሲደርስ «ቼክ» ሆነ። ንጉሥን ማስጨነቅ የነበረው መግታት፣ ቀጥሎ መቆጣጠር፣ ኋላም ማጣራት ሆነ፤ የባንኩም ቼክ የወጣው ከዚሁ ነው። በመንገድ ላይ ቼክ ፖይንት የሚሉትን እኛ ኬላ እንለዋለን፤ ለወላይታ ሰው ደግሞ ኬላ ሲባል ትዝ የሚለው የካዎ አማዶ ካብ ነው። ካዎም ንጉሥ ነው።

ወደ ጨዋታው ልመለስ። እኛም ቼዝ ነበረን፤ ሰንጠረዥ። ዛሬ ተማሪ በማስመሪያ ለሚያሰምረው ሠንጠረዥ ስሙን ትቶ ጨዋታው ከሜዳ ጠፋ፤ እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ይጫወቱት እንደነበር እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ጽፏል።

ገበታው ቀይ ጨርቅ ነው፣ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጥብጣብ የተከፋፈለ። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደር (የዛሬው ሩክ)፣ መደቅ (ወታደሩ) ይሰለፋሉ። ፈርዝ እንደ ዛሬዋ ንግሥት አገር አያቋርጥም፤ በሰያፍ አንድ እርምጃ ብቻ ነው። ፊል ዝሆን ነው፣ በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ይዘላል።

ጉዱ ግን ወረራው ነው። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም! ሁለቱም እጃቸው እንደቻለ ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ ሲበላ ነው ተራ የሚጀመረው። የዛሬው ቼዝ ሰዓት ይዞ ቢያጣድፍም ይህን ትርምስ አያውቀውም። ጨዋነቱም አለ፦ በደር መጨረስ ብዙ አያስመሰግንም፤ በፊል ወይም በመደቅ የጨረሰ ግን ይወደሳል። ጉልበተኛውን አስቀምጦ በደካማው ማሸነፍ፣ እንግዲህ ችሎታ ማለት ይሄ ነው።

ሶዶ ውስጥ ቼዝ ያላችሁ ልጆች፣ ዛሬ ማታ ሞክሩት። በወረራው ጊዜ ዓይናችሁ ከጠጠሩ ይልቅ የባላጋራችሁ እጅ ላይ ይሁን።