ከውሃው በፊት ጨው
(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ ዝግጅት ላይ የተደረገ ንግግር)

አዘጋጆቹ «አጭርና የሚጠቅም ነገር ተናገሪ» ስላሉኝ ስለ አንዲት ትንሽ ኪኒን እናገራለሁ።

የልብ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ላሲክስን ያውቃል፤ የመድኃኒቱ ዋና ስም ፉሮሴማይድ ነው። ሕመምተኞቻችን «የሚያሸና መድኃኒት» ይሉታል፤ እኛም እንደዚያው እንላለን። ስሙ ውሸት ባይሆንም ዋናውን ነገር ይደብቃል። መድኃኒቱ በቀጥታ የሚያስወጣው ጨውን ነው፤ ውሃው ጨውን ተከትሎ ይወጣል።

በቁጥር እንየው። ኩላሊቶቻችን በቀን 180 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ያጣራሉ። በውስጡ ያለው ሶዲየም በገበታ ጨው ቢታሰብ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው ወደ ደም ይመለሳል፦ ሁለት ሦስተኛው ገደማ በመጀመሪያው የቱቦ ክፍል፣ ሩቡ በሄንሌ ቀለበት፣ 5 በመቶ ያህሉ ከዚያ ቀጥሎ ባለው ቱቦ፣ ጥቂቱ ደግሞ መጨረሻ ላይ። ላሲክስ ሩቡ የሚመለስበትን በር ይዘጋል፤ ኃይለኛነቱም ለዚህ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ቀጣዩን ጠባብ በር ይዘጋል። ስፓይሮኖላክቶን የመጨረሻው በር ላይ የአልዶስቴሮንን ትእዛዝ ያግዳል፤ ፖታሲየምም እንዳይባክን ያደርጋል።

ኩላሊት ግን ዝም ብሎ አይዘረፍም። የተዋጠ ላሲክስ የሚሠራው ስድስት ሰዓት ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ኩላሊቱ ያገኘውን ጨው አጥብቆ ይይዛል። ጠዋት ኪኒኗን ውጣ ስትሸና ያረፈደች ሴት ማታ ጨው የበዛበት ሽሮ ከበላች፣ የወጣው ሁሉ ሊመለስ ይችላል። ሽንቷ በዝቷል፤ እግሯ ግን እንዳበጠ ነው። ሳምንታት ሲያልፉ ደግሞ ቀጥሎ ያለው ቱቦ ሕዋሳት ይዳብሩና ላሲክስ ያሳለፈውን ጨው ይለቅማሉ።

ወረፋ በበዛበት ተመላላሽ ክፍል ቀላሉ መንገድ መጠኑን መጨመር ነው። አንዳንዴም የግድ ያስፈልጋል። ነገር ግን ሲጨመር፣ በተለይ ታያዛይድ ሲደረብበት፣ ፖታሲየምም አብሮ ይወጣል። የፖታሲየም መውረድ የልብን ምት ያዛባል፤ ሊገድልም ይችላል። ምርመራው በየጤና ጣቢያው በማይገኝበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ ከመጨመራችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፦ «ኪኒኑን የማትወስጂው በየትኛው ቀን ነው?» «ትወስጃለሽ ወይ?» ስንል መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። በየትኛው ቀን ስል ግን «አውቶቡስ ላይ ሽንት ቤት የለም እኮ ዶክተር» ይሉኛል። የገበያና የቤተ ክርስቲያን ቀንም እንዲሁ። መፍትሔው ቁጣ አይደለም፤ ለዚያ ቀን መዋጫ ሰዓቱን መቀየር ነው። ሁለተኛ፦ «ወጡን ማን ይሠራል?» ሠሪዋን አስጠርተን የሕመምተኛዋ ድርሻ ጨው ሳይገባበት እንዲቀነስ እንንገራት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ ከሁሉም ምግብ ተደምሮ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም።

መምህራን ሆይ፣ ልመናዬ አጭር ናት። ተማሪዎቻችሁ ላሲክስ ሲያዙ አፋቸው «ጨው የሚያስወጣ መድኃኒት ነው» ማለትን ይልመድ። ይህን የሰማች ሕመምተኛ በአንድ እጇ ኪኒን በሌላው ጨው መያዝ ትርጉም እንደሌለው ራሷ ትረዳለች።